ሰው የተዋሰው ብስክሌት

«እኔን የሚገርመኝ እስካሁን አለመምጣቱ ነው» አለ የጠበቃዋ ታላቅ ወንድም፣ ለለቀስተኞቹ ሻይ እያዞረ። «አባዬ ብስክሌቱን ለሰው አውሼዋለሁ ብሎ ነበር። ሞቱን ያልሰማ የለም። እኔ ጋ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ይጥፋ?»

«ይሉኝታ ቢስ ነዋ!» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ። «የሟች ዕቃ ይዞ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

ጠበቃዋ ከእናቷ አጠገብ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ዓይኗ ያበጠው በለቅሶ ብቻ የመሰለው ሰው ሁሉ እያየ ያዝንላታል።

አባቷ በብስክሌቱ በየቤቱ እየዞረ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግን ነበር። መፍቻዎቹንና የዘይት ቆርቆሮውን ከኋላ ይጭናል፤ ሰንሰለቱ እንዳይበላው የሱሪውን እግር በእሷው የልጅነት የጸጉር መያዣ ይቆነጥጣል።

«ፍሬን ሲይዝ አይቼው አላውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ፍሬኑ ጫማው ነበር! ጫማው አልቆ ፍሬን በጠሰ እያልን ስንስቅበት!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሳቁም መልሶ እንባ አመጣ። ጠበቃዋ አልሳቀችም።

ብስክሌቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት የወጣበት ቀን ደመና ነበር። ጃንጥላዋን ወላጆቿ ቤት ረስታ ሄዳ ኖሮ፣ አባቷ ይዞላት ወደ መሥሪያ ቤቷ መጣ። እሷ ከአለቃዋ ጋር እንግዶች ለመሸኘት ስትወርድ ብስክሌቱ በሩ ላይ ካለው ብረት ጋር ታስሮ ቆሟል።

«ይህን ቅራቅንቦ እዚህ ያሰረው ማነው?» አለ አለቃዋ ወደ እሷ ዞሮ።

«አላውቅም» አለች።

የኮርቻውን ቀዳዳ የሰፋችው ራሷ ነበረች።

ቀና ስትል አባቷን አየችው። ጃንጥላዋን ይዞ ከዘበኛው ጎን ቆሟል። ሰምቷል። እንግዶቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። ጃንጥላውን ለዘበኛው ዘረጋና «ፎቅ ላይ ላሉት ጠበቃ ይስጡልኝ፤ ተልኬ ነው» አለ። የወለዳት አባቷ በአንቱታ ጠራት። ብስክሌቱን ሳይፈታ፣ ዞር ብሎም ሳያየው፣ በእግሩ አልፎ ሄደ። ቢፈታው ውሸቷ ሊታወቅባት ነው።

እቤት ሲደርስ ልብሱ በዝናብ ርሶ ይንጠባጠብ ነበር። ብስክሌቱስ ሲሉት «ለሰው አውሼዋለሁ» አለ። ብዙም ሳይቆይ አልጋ ያዘ። ሐኪሞቹ ልቡ ድሮም ደክሞ ነበር አሉ፤ እሷ ግን የምታስበው ዝናቡን ነው።

እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በየጠዋቱ በብስክሌቱ አጠገብ ታልፍ ነበር። መጀመሪያ አቧራ ለበሰ። ቀጥሎ ደወሉ ጠፋ፤ ኋላም የፊት ጎማውን ፈተው ወሰዱት። መንገደኛው ባለቤት የሌለው መስሎት የሙዝ ልጣጭ ይጥልበት ጀመር። ቁልፉን ስጠኝ ለማለት ይቅር በለኝ ማለት ነበረባት። ነገ እለዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እለዋለሁ ስትል ሰነበተች። አንድ ቀን እሱ ራሱ ጠየቃት።

«ጃንጥላው ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ አባዬ።»

«ጎሽ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

አመሻሹ ላይ አለቃዋ ከባልደረቦቿ ጋር ለቅሶ ደረሰ። ነፍስ ይማር ብሎ ተቀመጠና ወደ እናቷ ጎንበስ አለ። «እኝህን የመሰሉ አባት ሳናውቃቸው መቅረታችን ቆጨን። ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢሮ ብቅ ቢሉ!»

«ብስክሌታቸውን ተውሶ የቀረ ሰው አለ እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እናንተ ሕግ አዋቂዎች፣ ይኼ አያስጠይቅም?»

«እንዴታ! እምነት ማጉደል ነው።»

«ማንም አልተዋሰውም» አለች ጠበቃዋ።

ሁሉም ዞሩ። ወንድሟ ሻዩን እንደያዘ ቆመ።

«ቢሮም መጥቶ ነበር» አለች ለአለቃዋ። «በራችን ላይ ታስሮ ያለው ብስክሌት የአባቴ ነው። አላውቅም ያልኩዎት።»

አለቃዋ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፋው። እናቷ ግን ልጇን ትኩር ብላ አየቻት።

«እሱ ሰምቶሻል?»

«ሰምቶኛል እማዬ።»

«ብስክሌቱ እዚያ ቆሞ ስትወጪ ስትገቢ ታዪዋለሽ?»

«አየዋለሁ።»

እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳትዞር «ሂዱና አምጡት» አለች።

ወንድሟ ቁልፉን ከአባቱ ኮት ኪስ አወጣ። መንገዱን ሁሉ ፊት ፊቷ ሄደ። ደርሰው ቁልፉን ሲያስገባው መቆለፊያው ዝጎ እምቢ አለ፤ ከብዙ ትግል በኋላ ተከፈተ። እሷ ልጣጩን በእጇ አራገፈች። የፊት ጎማ ስለሌለው እንደ ልብ አይገፋም።

«ታክሲ ላይ እንጫነው» አለ ወንድሟ።

«በእግራችን እንውሰደው።»

ጎንበስ ብላ የብስክሌቱን ፊት አነሣች። ጥቁር ልብሷን ቅባትና ዝገት ለቀለቀው። ወንድሟ ከኋላ እየገፋ፣ እሷ ከፊት ተሸክማ፣ ሰው እያያቸው በዋናው መንገድ ሄዱ። መብራት ይዟቸው ቆሙ።

«አሳርፊው እንጂ፣ ይከብድሻል» አለ ወንድሟ።

አላሳረፈችውም። ከፍ አድርጋ ወደ ደረቷ አስጠጋችውና የአባቷ መዳፍ ያለሰለሰውን መሪ በጉንጯ ነካችው።