የመሪጌታው የዐይን ውሃ

አራጌን የሰደቡት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል፣ ዘመኑ ሃምሳ ስድስት፤ ሰዓቱም ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከደጀ ሰላም ሳይበተን ነው። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት የቄስ ተማሪያቸው ነበር። በሕዝቡ ፊት ሲያነብ ሦስት ጊዜ ቢደናቀፍ መሪጌታ አገጩን ይዘው ወደ ሕዝቡ አዞሩትና፣ «ይኼ ዐይን መሰላችሁ? ሁለት የአይጥ ጉድጓድ ነው እኮ!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። የሳቁትን አራጌ ዛሬም በስም ያውቃቸዋል፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ እሱ ግን አልማራቸውም።

ከዚያ ወዲያ የቄስ ትምህርት ቤት አልረገጠም። አስኳላውንም ስድስተኛ ላይ ተወው። ደርግ በገባ በሦስተኛው ዓመት መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ሆኖ፣ ተቀጠረ።

በሰባ አምስት፣ ሰኔ ላይ፣ መሪጌታ በሚስታቸው በወይዘሮ የዓለምዘርፍ ተመርተው መጡ። ግራ ዐይናቸው ጠፍቷል፤ ቀኙም ጭጋግ ለብሷል። ከአዲስ አበባ ለጥናት የመጣው የዐይን ሐኪም፣ ዶክተር ንጉሡ፣ በቀጭን መርፌ ከቀኙ ዐይን ጥቂት ውሃ ቀዳ።

«የዐይንዎ ደም ሥር ታሟል» አላቸው። «የሚያንጠባጥበው ፕሮቲን እዚህ ውሃ ውስጥ ይገኛል። ደሴ ተመርምሮ መጠኑ ከፍ ካለ አዲስ አበባ በመጀመሪያው ተራ ይታከማሉ። ቀጣዩ ተራ ከዓመት በኋላ ነው፤ ዐይንዎ ያን ያህል አይቆይም።»

«ውሃውን ማን ይወስደዋል?»

«አራጌ።»

«ያ የአይጥ ጉድጓዱ? ድግምት ቢሠራብኝስ?» አሉና ራሳቸው ሳቁ። «ግዴለም፣ ይውሰደው። ለድግምትም ፊደል ያስፈልጋል።»

አራጌ እዚያው ነበር፤ ጥጥ ይዞ በስተግራቸው፣ በጠፋው ዐይናቸው በኩል።

ሐኪሙ ብልቃጧን በክትባት ሣጥን፣ በረዶ ውስጥ ቀብሮ ሰጠው። «ከሞቀ ተበላሸ ማለት ነው» አለው።

አውቶቡሱ አቀስታ ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማ ሲጠበቅ ቀኑ ተጋመሰ። አራጌ ሣጥኑን ቢከፍት በረዶው ቀልጦ ሊያልቅ ነው። ክዳኑን መልሶ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም፤ መንገድ ነው ይባላል፣ ያልፋል። ይህንንም አሰበ፤ ሳይቸኩል ነው ያሰበው።

በዚያው ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ተሳፋሪው መኪናው ውስጥ ሲታጎር አራጌ ወጥቶ በሁለት እጁ በረዶ እያፈሰ ሣጥኑን ይሞላ ጀመር። ከመንገዱ ዳር የተመታ ማሳዋን የምታይ አንዲት ሴት፣

«ወንድምዬ፣ የእኔን ገብስ የፈጀውን አንተ ቤት ሠርተህ ታስገባዋለህ?» አለችው።

«የሰው ዐይን አለበት።»

«የዘመድ ነው?»

«አይደለም።»

ለጽድቅ ብሎም አልነበረም። ያ ዐይን ከጠፋ፣ መሪጌታ አራጌን በነጭ ጋዋን፣ ብዕር በኪሱ ሰክቶ ሳያዩት ሊሞቱ ነው። ያን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በልባቸው እንደያዙ ሊሞቱ ነው።

ብልቃጧ ደሴ እንደቀዘቀዘች ገባች። መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መሪጌታም አዲስ አበባ ታክመው በመስቀል ሰሞን ተመለሱ።

ለዐይን ጠብታ ጤና ጣቢያ የመጡ ዕለት አራጌ ጋዋኑን አጥቦ ተኩሶ ነበር። ወረፋተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። መሪጌታ ያለ መሪ ገቡ፤ ሚስታቸው ከኋላ ናቸው። አራጌን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አራጌ ነህ?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«አየሁህ እኮ! ጋዋኑም ብዕሩም ይታየኛል፤ ተመስገን።» ጠጋ ብለው ብዕሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይቺን ግን ለምን ሰካሃት? ለጌጥ?»

ወረፋተኛው በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ይተዉት! ውሃዎን ደሴ ያደረሰው እሱ አይደል?» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

«ምን አልኩት? ጨዋታ ነው እንጂ። ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የአይጥ ጉድጓድ፣ ዛሬስ ፊደሉን ለየኸው?»

አራጌ ጠብታውን መስኮቱ ላይ አኖረው። የሚስቁትን አንድ በአንድ አየ። ከዚያም ጋዋኑን ሳያወልቅ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።