አሥራ ስድስት ነጭ ነጥቦች

«ተያዘ!» አለ አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ቀጭኑን ዘንግ ያሽከረክራል፤ በቀኙ ከላዩ ያለውን ዳዶ በቁልፍ ያጠብቃል። «አየህ? ዘንጉ አልዞርም ሲል ክፍተቱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ግማሽ ዙር። በቃ! አሥራ ስድስተኛው ነው፣ ጨረስኩ።»

ነጂው እጁን ኪሱ ከቶ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ጋራዡ መሀል ማቆሚያ ላይ የተቀመጠው የእሱ የውድድር መኪና ሞተር ነው፤ እሑድ ይሮጥበታል።

ከሞተሩ ማዶ የቆመችው የመካኒኩ ልጅ ግን ዓይኗን ከዘንጉ ላይ አልነቀለችም። ዘንጉ አልዞርም ካለ ቆይቷል። አባቷ ሙሉ ዙር አልፎ ሄዶ ነው «ተያዘ» ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ቫልቩን በዘንጉ የሚገፋው ፑንቴሪያ በዘይት የሚሠራ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ፒስተን አለችው። በልኩ ጫን ካሏት ክፍተቱን ራሷ ትጠብቃለች። ካበዙባት ግን ዘይት ሲሞላት ቫልቩን ገፍታ ከፍታ ትይዘዋለች፤ ያልተዘጋ ቫልቭ ደግሞ ጉልበት አይሰጥም፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው። ሰውየውንም ሰፈሩ በሙሉ «ጣት» እያለ የሚጠራው ለዚሁ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም።

ምን ዋጋ አለው! ስኳር በሽታው ጣቶቹን ካደነዘዛቸው ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው የጋለ የጭስ ቱቦ ጨብጦ፣ እየተቃጠለ መሆኑን የነገረው ሽታው ነው። ቁስሉን ያሰረችለት ልጁ ናት።

ጣቶቹ ከደነዘዙ ጀምራ፣ እሱ ለምሳ ሲወጣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ታላላለች። ዘንጉን አታሽከረክርም፤ ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቀች ክፍተቱ ጥፍት የሚልበትን ቦታ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ትሰጣለች። የቱን እንደጨረሰች እንዳይጠፋባት በዳዶው ጎን በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርጋለች። የሞተሩ ሽፋን ሲገጠም ነጥቡን ማን ያየዋል? አባቷ ከምሳ ሲመለስ «የኔ እጅ ሁለተኛ አይፈልግም» ብሎ ይፎክራል። እሷም «እውነትህን ነው» ትለዋለች። ደስ ይበለው ብላ ነው፣ ሌላ ምን ታገኝበታለች?

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለ ነጂው። «ቡድናችን የራሱ ሞተር ሠሪ ይፈልጋል። ልጅዎ ጎበዝ ናት ሲሉ ሰማሁ። ቢሰጡኝስ?»

ልጅቷ ጆሮዋን አላመነችም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ «ጎበዝ» ስትባል ገና መስማቷ ነው። ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«እሷ?» ጣት ከት ብሎ ሳቀ። «እሷማ ብረት ታጥባለች። እጥበት ላይ አትታማም። ይኼን ሞተር ግን ከኔ እጅ በቀር የነካው የለም።»

«አይ፣ ሰዎች እኮ...»

«ሰው የማያወራው አለ? ወንድሜ፣ ሞተርህን ከወደድከው እሷን አታስጠጋበት። አንድ ዳዶ እንኳ በቅጡ አጥብቃ አታውቅም። እስቲ ራስሽ ንገሪው፣ ዋሸሁ?»

ነጂው አያት። አባቷም አያት፣ ፈገግ እንዳለ።

«አልዋሸም» አለች።

ነጂው በሐፍረት ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ቤንዚኑን ከመኪናዬ ላምጣና እናስነሳው» ብሎ ወጣ።

በሩ ገና ከመዘጋቱ የአባትየው ፈገግታ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በይ ቶሎ በይ።»

«ምኑን?»

«ነጥቡን ነዋ! ሳይመለስ አድርጊበት።»

ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«ምን፣ ዓይኔም የደነዘዘ መሰለሽ? ሽፋኑን የምገጥመው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከመጀመሪያው። አሁን ጥያቄውን ተዪና ሥሪ!»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልከኝ፣ አባባ? በሰው ፊት?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አለ፣ በራሱ ላይ ግፍ የተሠራበት ይመስል። «ጎበዝ ናት ልበልና ይውሰድሽ? አንቺ ከሄድሽ ጣት የሚባል ሰው አለ? እዚሁ ነሽ። እኔ እስክሞት እዚሁ ነሽ፣ ዕወቂው።»

ይህንንም ሲል አልጮኸም። ጀርባውን ሰጥቷት በሩን ለመጠበቅ ቆመ፤ እንደምትሠራለት ለአፍታም አልተጠራጠረም።

ልጅቷ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተች። የዳዶው ቁልፍ ከላይ ነበር፤ የጥፍር ቀለሙ ከሥሩ። አንጀቷ እርር ብሎ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ቀለሙን ብቻ አወጣች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አንዱንም ዳዶ ሳታላላ፣ አንዱንም ዘንግ ሳትነቀንቅ፣ አሥራ ስድስቱንም ነጥብ አሳምራ አደረገች።

«አለቀ?» አለ አባቷ።

«አለቀ።»

መጥቶ ጎንበስ አለና ነጥቦቹን በዓይኑ ቆጠረ። ረክቶ ተነፈሰ፣ ሽፋኑን በራሱ እጅ አጠበቀ። ነጂው ጀሪካኑን ይዞ ሲገባ ጣት ደረቱን ነፍቶ ቆሞ አገኘው።

«ዝግጁ ነው፣ ጋሼ?»

«ምን ጥያቄ አለው! የኔ እጅ እኮ ነው። ከኔ በቀር የነካው የለም።»

«እውነቱን ነው» አለች ልጁ፣ የቀለሙን ክዳን እያጠበቀች። «እኔ አልነካሁትም።»

አባቷ ዘወር ብሎ አያት። ነጂው የማስነሻውን ቁልፍ አዞረ።