ከጨው ቀጥሎ

ባለሱቁ እጁን ወደ ክብሪት ሰደደና ሳሙና ይዞ ተመለሰ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሳሙናውን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና ሳቋን ለቀቀችው። «ጋሼ፣ ምድጃዬን በዚህ ላቀጣጥለው?»

«መጀመሪያ እጠቢው ብዬ ነዋ!» አለና አብሯት ሳቀ። እጁን መልሶ ሰደደ። አሁን ደግሞ ሻማ ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ሆዷን ያዘች። እንደገና እጁን ሊሰድ ሲል ሴት ልጁ ቀደመችው፤ ከወዲያኛው ጥግ ዋጋ መለጠፏን ትታ መጣችና ክብሪቱን አንስታ ለጎረቤታቸው ሰጠች።

«አባዬ ዛሬ ቀልድ አምሮታል» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ወጣች። የአባትየው ሳቅ ግን ቀድሟት ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። ሁለት መዳፎቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመ። ተቀይሞኛል፣ አለች ልጅቱ በሆዷ። ቢቀየምስ ይፈረድበታል?

ትናንት የዕረፍት ቀን ነበር። አባቷ እህቱን ሊጠይቅ ወጣ እንዳለ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ሱቁን ገለባበጠችው። ይህ ሱቅ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ አንድ መልክ ነበረው፤ ክብሪት ከሚዛኑ በስተግራ፣ ስኳር ከባንኮኒው ሥር፣ ሳሙና ከላይ፣ አምፖል ከሳሙናው ጀርባ፣ ገዢው ደግሞ ከባንኮኒው ማዶ። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሷ ጠየቀች። ባንኮኒውን ወደ ግድግዳው ገፋችው፤ መደርደሪያዎቹን ገዢ በመካከላቸው እንዲያልፍ አድርጋ አቆመቻቸው፤ ማጀት ውስጥ አብረው የሚፈለጉትን አብራ አስቀመጠች፤ መጨረሻ ላይ ራሷ ቀለም የቀባችውን ሰሌዳ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሰቀለች። አባቷ ተመልሶ ሲመጣ በጓሮ በኩል ገብቶ ተኛ፤ እሷም ነገ ጠዋት ልታስደንቀው ብላ ትንፍሽ አላለችም። ጠዋት ገባ፣ ጥቂት ቆመ፣ «አበጀሽ» አለ። በቃ።

የችርቻሮ ንግድ አስተዳደር ትማራለች፤ በዲፕሎማ፣ በርቀት። ሞጁሉን ከኮሌጁ ቅርንጫፍ ታመጣለች፣ ሱቁ ጭር ሲል ታነባለች፣ አሳይመንቱን ትልካለች፣ በቀይ ብዕር ተሞነጫጭሮ ይመለስላታል። መምህሯን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ለእሷ መምህርቷ ድምፅ ናት፤ በስልክ የምትመጣ፣ ረጋ ያለች፣ «ገብቶሻል ወይስ እንድገመው?» ማለት የምታበዛ ድምፅ። እየሰማች መጻፍ ስላለባት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። አባቷ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብሎ ያጉረመርማል።

«ኮሌጁ ሩቅ፣ መምህሯ ሩቅ፣ ትምህርቱ ሩቅ! ምኑ ከምኑ ይገናኛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!»

«ዲፕሎማ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ሰፈሩ ለማጽደቅ ጊዜ አልፈጀበትም። «ዲፕሎማ፣ ዘይት አለ?» ይላታል አሁን ሁሉም፣ የእናት አባት ስም የሌላት ይመስል።

ዛሬ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ያቺ ድምፅ ዛሬ በእግሯ ትመጣለች። በወረቀት የተነደፈው ሱቅ በእውን ቆሞ ሲሠራ ልታይ ነው፤ የመጨረሻው ፈተና ይኸው ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ሐሳቡን አንዴ ከያዘ የያዘ ሰው ነው፤ «አባዬ ደክሟል፣ ሱቁ ይከራይና ቤቱ ቁጭ ይበል» ካለ ሰነበተ። አባቷ እንቢ አለ። «ልጅቷ ትጨርስና እሷ ትይዘዋለች» አለ። ወንድሟም «እሺ፣ ትለፍና እናያለን» ብሎ ሄደ። ካለፈች ሱቁ የእሷ ነው። ከወደቀች በዚህ በር ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ይንጠለጠላል።

ረፋዱ ላይ አባቷን ዓይን ዓይኑን ስታየው ቆየች። ሻይ አምጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ ተቀየምከኝ አይደል? ሳልነግርህ ስለነካካሁት።»

«እኔ? በምን ዕዳዬ!» አለ። «አምሮበታል እኮ። በተለይ ያ ቀዩ ሰሌዳሽ፣ ከመንገድ ላይ ሰው ይጠራል።»

ልጅቱ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ሰሌዳው አረንጓዴ ነው። መምህርቷ በስልክ «ቀይ ቢሆን ይመረጣል» ብላት ነበር፤ ቀለም መሸጫው ቀይ ስለጨረሰ ግን አረንጓዴ ገዝታ መጣች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ የሚያይ ሰው እንዲነገረው ያስፈልገዋል ብላም አላሰበች።

አባቷ ሻይውን ሊያነሳ እጁን በባንኮኒው ላይ እያንሸራተተ አመጣው። ጣቱ ብርጭቆውን ነካ፤ ዳሰሰው፤ ጠርዙን አገኘና ከዚያ በኋላ አነሳው። ይህንን ስንት ጊዜ አይታዋለች! አይታው ግን አላየችውም። መልእክት ሲመጣለት «መነጽሬ ቆሽሿል፣ አንብቢልኝ» ይላታል። ሰው መንገድ ላይ ካልጠራው ሰላም አይልም፤ «አባትሽ ኮርቷል» ብለው አንድ ሁለት ሰዎች ወቅሰዋት ነበር፤ እሷም ተከራክራ መልሳቸዋለች። ክብሪቱ ከሚዛኑ በስተግራ ነበር። ስኳሩ ከባንኮኒው ሥር ነበር። ይህንን ሁሉ ዘመን ሱቁን በእጁ ሲያየው ኖሯል፤ እሷ ደግሞ ትናንት ስትዘፍን ውላ አጨለመችበት።

ዕቃ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ከካርቶኖቹ መካከል አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠረገች፣ ወጣች፣ የሳሙናውን ረድፍ ማውረድ ጀመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንዱ ሳሙና አምልጧት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ ሳይዞር።

«ወደ ቦታው እየመለስኩት ነው።»

«ለምን ሲባል?»

«የክብሪት ቦታው ከሚዛኑ በስተግራ ነው» አለች። አባቷ ቀስ ብሎ ባንኮኒውን እየተደገፈ መጣና የበሩን አንዱን ክንፍ ዘጋው።

«አወቅሽ ማለት ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«እንጃ። ቀስ እያለ ነው የመጣው። አሁን ብርሃኑን እለያለሁ፣ ሰው መቆሙን እለያለሁ። ማን እንደሆነ አፉን ሲከፍት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ ባዳ ነኝ?»

«ለአንቺ ብነግር ለወንድምሽ ትነግሪያለሽ። ወንድምሽ ደግሞ ይወደኛል። ወዶኝ ቤት ያስቀምጠኛል።» «ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። እዚህ ስቆም ሰው ነኝ፤ ሰው ይጠይቀኛል፣ እሰጣለሁ። ቤት ተቀምጬ ማን ምን ይጠይቀኛል?»

ልጅቱ ሳሙናውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች። ልታቅፈው ፈለገች፤ እንዳትሰብረው ፈራች። «እመልሰዋለሁ» አለች። «አሁኑኑ እመልሰዋለሁ። ፈተናው ይቅርብኝ፣ ሌላ ጊዜ እፈተናለሁ።»

«ተይ!» አለ አባቷ፤ የድሮው ቁጣ በድምፁ ተመለሰ። «መልሰሽ ብትደረድሪው ያቺ ሴትዮ ምን ልታይ ነው የምትመጣው? የእኔን ጨለማ? አስቀምጪው ሳሙናውን። ይልቅ ነይ እጄን ያዢኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«አንቺ ከሩቅ ተምረሻል። እኔ ከቅርብ ብማር ምን አለበት?»

ሳታስበው ሳቀች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር። እጁን ያዘችው። ሰፊ፣ ሻካራ፣ ልጅ ሳለች መንገድ የሚያሻግራት እጅ ነው። ከመግቢያው ጀምራ በመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ ጋ ገዢው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ነው። ብስኩትና ከረሜላ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲመጣ፣ በዓይን...» አለችና ምላሷን ነከሰች።

«በዓይን ትይዩ የተቀመጠ ዕቃ ቶሎ ይሸጣል» ሲል ጨረሰላት። «ከላይ ያለውን አንጋጦ የሚያይ ጥቂት ነው፣ ከታች ያለውን ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ከዚያም ያነሰ። ሰምቻለሁ። ያቺ ሴትዮ አንድ ነገር ደጋግማ ካልተናገረች አይሆንላትም።»

ልጅቱ ቆማ አየችው። «ተኝተህ የምታንኮራፋ ይመስለኝ ነበር።»

«አልፎ አልፎ አንኮራፍቻለሁ። ስለ ግብር የምታወራ ጊዜ።»

ሄዱ። ስኳር፣ ከስኳር ቀጥሎ ሻይ ቅጠል። በሁለተኛው መደርደሪያ ዘይት፣ ከዘይት ቀጥሎ ጨው፣ ከጨው ቀጥሎ ክብሪት። እሱ ዕቃውን ሁሉ ያነሳል፣ ይመዝነዋል፣ ጆሮው አጠገብ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ይመልሰዋል። ሻማና ባትሪ ድንጋይ ሲቀላቀሉበት ራሱን ይሰድባል፤ «የአህያ ልጅ!» ይላል፣ እሷም «አያቴን አትስደብ» ትለዋለች። አንዴ የሳሙናው መደርደሪያ ማዕዘን ክንዱን መታው፤ ያኔ እሷ መደርደሪያውን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው፤ በንድፉ ላይ እንዲህ አልነበረም፣ ግን መንገዱ ለማንም ገዢ ሰፋ። ደግመው ከመግቢያው ጀመሩ። ከዚያ እጁን ለቀቀችውና ብቻውን እንዲሄድ ተወችው። ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ ሦስተኛው ላይ ሳይጠየቅ «ጨው» አለ፣ ጨው ነበረ። እንደ ልጅ ደስ አለው።

«አንድ ካርቶን ሳሙና ጓዳ ውስጥ ቀርቷል፤ ላምጣው» አለችና ገባች።

ካርቶኑን ሳታነሳ የበሩ ክንፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማች። እግር ገባ። የሴት ጫማ ነው።

«ክብሪት ይኖራል?» አለች እንግዳዋ።

ልጅቱ በጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀረች። ረጋ ያለ ድምፅ ነው፤ ስንት ጊዜ «ገብቶሻል ወይስ እንድገመው?» ያላት ድምፅ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻት፤ አጠር ያለች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ከባድ ቦርሳ ትከሻዋን ያዘነበለው ሴት። በጣም ረጅም ትመስላት ነበር። ልትወጣ እግሯን አነሳች፤ አባቷ ግን ቀደማት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር» አለ።

እንግዳዋ ደንግጣ ፈገግ አለች። «እንዴት አወቁኝ? ተገናኝተን እናውቃለን?»

«ድምፅዎ ቤቴ ሲገባ ሲወጣ ነው የኖረው። እንግዳ የሆነብኝ እግርዎ ብቻ ነው።»

መምህርቷ ሳቀች። ዙሪያዋን አየች፤ መደርደሪያዎቹን፣ አረንጓዴውን ሰሌዳ፣ ከጓዳው የወጣችውን ልጅ። ለልጅቱ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ ወረቀቷን ልታወጣ ነው። «ሰላምታው ይደርሳል። መጀመሪያ እንደማንኛውም ደንበኛ አስተናግዱኝ» አለች። «ክብሪት ብያለሁ።»

አባትየው ዞረ። እጁ ከመግቢያው መደርደሪያ ተነሳ፤ ስኳሩን ዳሰሰ፣ ሻይ ቅጠሉን አለፈ። ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ልጅቱ አንድ ቃል ብትተነፍስ፣ አንድ እርምጃ ብትራመድ፣ ስንት ዘመን ደብቆ የያዘውን በእንግዳ ፊት አውጥታ ልታፈሰው ነው። ዝም ብትል ደግሞ ሳሙና ይዞ ይመጣል፤ ፈተናዋም እዚያው ያልቃል። እጁ ዘይቱን ነካ። ጨው ላይ ደረሰ። አነሳው፣ ነቅነቅ አደረገው፣ መለሰው። ቆመ።

እጁ ከጨው በላይ አየር ላይ ቀረ፤ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ወደ ግራ ትንሽ። ልጅቱ አባቷን ታውቀዋለች። አሁን ያገኘውን አፈፍ አድርጎ ያነሳል፤ ሳሙናም ይሁን ሻማ ይዞ ይመጣና በቀልዱ ያልፋታል። ቀልዱን ጠበቀች። ዓይኗን ልትጨፍን ትንሽ ቀራት።

ቀልዱ አልመጣም።

«ልጄ» አለ አባቷ ጮክ ብሎ። «ዓይኔ አያይልኝም። ከጨው ቀጥሎ ያልሽኝ በየት በኩል ነው?»

የመምህርቷ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከመንገዱ ላይ አንድ ሰው «ዲፕሎማ!» ብሎ ተጣርቶ አለፈ።

«በቀኝህ ነው፣ አባዬ።»

እጁ ወደ ቀኝ ሄደ።