የግማሽ ጣት ተንኮል

እህቴ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ሥራዋ ጊዜው ያለፈበትን ፋይል እየለየች ማስወገድ ነው፤ አመሉ ግን ቢሮ አይቀርም፣ እቤት ድረስ ተከትሏት ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ከባሏ ጋር ከምትኖርበት ከላይኛው ፎቅ ወርዳ ቁም ሳጥኔን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የታጨቀው ልብስ እግሯ ላይ ተናደ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት።

ሕጓ አጭር ነበር፤ የማይቆለፍ ልብስ ይወጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እዚያ ያለውን ሁሉ የሰፋሁት በገዛ እጄ ነው። እርግጥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እኔና ቀሚሶቼ ትንሽ ተኳርፈናል። ታዲያ ምን ይጠበስ? ስከሳ እለብሳቸዋለሁ። እሷ መቼ ሰምታኝ! አንድ በአንድ አስለካችኝና አስራ ዘጠኝ ቀሚስ አልጋው ላይ ከምራ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሰው ይሰጣል አለች። ይባስ ብላ ወገቧን ይዛ መስታወቴ ፊት ዞረች። የሷ ቀሚሶች ከሰርጓ ወዲህ አንድም ቀን ጠብበዋት እንደማያውቁ ነገረችኝ።

ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ።

የቤታቸው ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። ሰኞ ባልና ሚስት ሥራ ሲሄዱ ወጣሁና ከቀሚሶቿ ግማሹን ታቅፌ ወረድኩ። ጎንና ጎናቸውን ፈታሁ፣ ከየጎኑ ግማሽ ጣት አስገባሁ፣ በዚያው በቀለማቸው ክር መልሼ ሰፍቼ ተኮስኳቸው። ከልብስ ሰፊ በቀር ማንም አይለየውም። የሰኞዎቹን ከሥራ ሳይመለሱ ሰቀልኩ፤ ማክሰኞ ከሰዓት ቀሪዎቹን ጨምሬ አስራ አንዱንም በየቦታቸው ሰቅያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እያንጎራጎርኩ ነበር የምሠራው። ሕጓ ራሷ ላይ ሲመጣ ሮጣ እንደምትሽረው ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ሐሙስ መጣች። ቀሚሶቿን ተሸክማ መጥታ ከኔ ክምር አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሳቄን ለመዋጥ ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ። መለስ ብዬ ባያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ግን እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ አንዱም አልገባኝ አለ። ለሱም ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ አንቺ ስሚ ብዬ ነው።»

ስምንት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ኖራለች። በየወሩ አዝና ስትወርድ እንባዋን የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ቀን መቁጠሩን እንኳ ከተወች ቆይታለች። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው የሚሉት ለካ ለኔ ነው። የገባችበት ግን እሷ ናት። ምነው እኔን በዋጠኝ።

ዝም ልበል ብዬም አስቤ ነበር። ግን ዛሬውኑ ለባሏ ትነግረዋለች፣ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

«እኔ ነኝ ያጠበብኳቸው» አልኳት። «ስለ ቀሚሶቼ ተናድጄ።»

አንዷን ቀሚስ አንስታ ጎኗን ገለበጠች፣ ስፌቴን በጣቷ ዳሰሰችና መልሳ አስቀመጠቻት። ያ ብርሃን ከፊቷ ሲጠፋ ዓይኔ እያየ ነው። እግሯ ላይ ልወድቅ ስነሳ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ቡናማዋን ቀሚሴንስ መቼ ነው የወሰድሻት?»

ቡናማዋን እንዳልነካኋት ነገርኳት። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበረች፤ ትናንት ማታ ራሷ ናት ያመጣቻት።

«ዛሬ ጠዋት ዚፗ ወገቤ ላይ ሲደርስ እምቢ አለኝ» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጨርቅ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በውሃ የሚኮማተር ዓይነት አይደለም። ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠመጠምኩና ለካሁ። ቁጥሩን አላመንኩትም፣ ደገምኩ።

«ስንት ነው?» አለች።

«ከልኬትሽ ሦስት ጣት ይበልጣል» አልኩ እያለቀስኩ። እሷ ግን ቀሚሶቹን ሁሉ ወዲያ ገፍታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይዤያት እንድሄድ አዘዘችኝ፤ እስከዚያ ድረስ መርፌ በእጄ እንዳልነካ አስማለችኝ።