የወይኖ ደም ለዳልቻ

አንድ በሬ ያለው ገበሬ በሬ አለኝ ብሎ አያውራ። ያለው ሣር የሚጨርስ አፍ ነው። እርሻ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከጎኑ ሁለተኛው ሲቆም ነው።

እኛ ቤት አንድ ነበረን፤ መልኩ አመድማ ስለሆነ ዳልቻ እንለዋለን። ጎረቤታችን ይማምም አንድ ነበረው፤ ወይኖ ይባላል፣ ቀላ ያለ፣ ከእኛው ፈርጠም ያለ። መቀናጆ እናርስ ነበር። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደን አንድ ቀን የእኛን መሬት፣ አንድ ቀን የእነሱን። ዳልቻ ሁልጊዜ በቀኝ፣ ወይኖ ሁልጊዜ በግራ። ባሌ ይግዛውና ይማም ወንድማማች ቢሆኑ ኖሮ እንዲያ አይስማሙም ነበር፤ ወንድማማችማ በርስት ይጣላል።

ከወሎ ያመጣን መንግሥት ነው። በዚያ በክፉው ድርቅ ሙታናችንን ቀብረን ሳንጨርስ፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሣሩ ሰው ይውጣል እያሉ ጋምቤላ አወረዱን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? እኛም ሣሩን አየንና ከብት የሚጨርሰውን ዝንብ ሳናይ መጣን። ከአቦቦ አለፍ ብሎ ሰፈርን። በአገራችን መንደር በታቦት ወይ በወንዝ ይጠራል፤ እዚህ ቁጥር ሰጡን። መጀመሪያ በመንግሥት ትራክተር ይታረስልን ነበር። ደርግ ሲወድቅ ትራክተሩ ባለበት ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሆነ፣ ከሰፋሪውም ገሚሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ጋምቤላም ክልል አሥራ ሁለት ተባለ። በመንደራችን ከእስላሞቹ የቀረው የይማም ቤት ብቻ ነበር። እሱ ያልሄደው በእኛ ምክንያት ነው፤ እኛም ያልሄድነው በእሱ። ከተለያየን ከማን ጋር እንጠምዳለን? ሳንጠምድ ቀርተን ዝናቡ ቢቀድመን ደግሞ የሚጠብቀን ያው የመመለሻ መኪና ነው። ተመልሰን የምንገባበት ቤት ሳይኖር።

በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በሁዳዴ ጾም፣ ዳልቻ ታመመ። ጠጉሩ ቆመ፣ ዓይኑ እንባ አዘለ፣ ሣር ላይ ቆሞ ሣር መጋጥ አቃተው። ከንፈሩን ገልጬ ሳየው ድዱ እንደ አይብ ነጥቷል። ገንዲ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር፤ ያ ዝንብ የነከሰው ከብት ሁሉ እንዲያ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ለመርፌው ብለን ስናስጠራ የመጣው ሐኪም ቢየል ነበር።

ቢየል ኑዌር ነው። ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረ ጠባሳ ያለው፣ ደብረ ዘይት የከብት ሕክምና ተምሮ ክልሉ የራሱን ልጆች ሥራ ሲያስገባ የመጣ። መንደራችን እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ ይደነግጥ ነበር፤ ባለአገሮቹ ሥልጣን ያዙ፣ እንግዲህ ሊያስወጡን ነው ይባል ነበርና። እሱ ግን እኛን ገና ሳያይ ዳልቻን አየ። የዓይኑን ቆብ ገለጠ፣ አንገቱን ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“እናቴ፣ ይሄ በሬ ደም የለውም። ውሃ ነው ያለው።”

“መርፌ ውጋዋ!” አልኩት።

“መርፌ አለኝ፣ ለአንድ በሬ ብቻ። እወጋለሁ። ግን መርፌ በሽታ ይገድላል እንጂ ደም አይሰጥም። በሬው ደም እስኪሠራ ይሞታል። ሌላ በሬ ደም ይስጠው።”

ይግዛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለሰውም ደም የሚሰጠው ባጣበት አገር ለበሬ! ይማም ግን አልሳቀም። ልመናችንን እንኳ አልጠበቀም። “ከወይኖ ውሰድ” አለ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ስጡኝ የተባለ ይመስል።

ቢየል በወይኖ አንገት ዙሪያ ገመድ ጠበቅ አድርጎ አሰረ፤ የደም ሥሩ ጣት አክሎ ተነሣ። “ይሄን ልጅ ሆኜ አውቃለሁ” አለን። “በእኛ ዘንድ በጋ ላይ ወተት ሲጠፋ እንዲህ ደም እንወስዳለን። እንቀቅላለን፣ እንበላለን። በሬው አይሞትም።” ተሰብስቦ ያየው ሴት ሁሉ ጾም ላይ ምን ያሰማናል እያለ አማተበ። እሱ ከሁለቱም በሬ ጠብታ ጠብታ ወስዶ በመስተዋት ላይ ቀላቀለና ወደ ፀሐይ ይዞ ብዙ አየው።

“አልተጣሉም” አለ።

ከዚያ ደሙን በጎማ ቱቦ ወደ ጠርሙስ አወረደ። ጠርሙሱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነበረበት፤ አንዱ በሞላ ቁጥር ለእኔ ያቀብለኝና ቀስ ብለሽ ወዝውዥው ይለኛል። በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ወዘወዝኩት። ደም እንዲያ እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር። በቀጭን ነጠላ ውስጥ የወይኖ ሙቀት ደረቴን ነካው፣ እና ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አለቀስኩ።

ደሙ በዳልቻ አንገት ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ይግዛው የሚያብሰለስለውን አላስቀረውም። “ይማም፣ አሁን ይሄ በሬ የማን ሊባል ነው? ለፋሲካ ባርደው ልበላው እችላለሁ?”

ይማም እስኪያስለው ሳቀ። “በሬ ምን ሃይማኖት አለው ይግዛው! ሃይማኖት የሚይዘው ቢላዋ ሲነካው ነው። አንተ ካረድከው ያንተ፣ እኔ ካረድኩት የኔ።”

ቢየል ሲሄድ አጥብቆ ተናገረ። “ወር ሙሉ አይጠመዱም። ሁለቱም። የሰጠውንም ታመመ በሉት። ጨው ስጡት፣ ጥላ ስጡት።”

በማግሥቱ ዳልቻ ተነሥቶ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ሣር ሲቆርጥ ድምፁን ሰምቼ እልል አልኩ፤ ከዲጃም፣ የይማም ሚስት፣ ከግቢዋ ሆና ተቀበለችኝ። ሁለት ቤት በአንድ በሬ መዳን እንዲያ ሲደሰት እኔ ሌላ ጊዜ አላየሁም።

ዝናቡ ግን ወር አልጠበቀንም። ሁለት በሬ ያላቸው ማረስ ጀመሩ። ይግዛው እርፉን ዳስሶ ይመለሳል፣ ሰማዩን አይቶ ይመለሳል። “ቢየል አትጥመዱ ብሏል” ይላል።

“ቢየል ዝናቡንም ይከልክልልና!” አለ ይማም። “ወይኖዬ ምን ሆነ? እየው እስቲ፣ ጎረምሳ አይመስልም? ወላሂ ከዚህ በላይ ከቆየን መሬቱ ያመልጠናል። ከእናንተ እንጀምር፣ የእናንተው ረግረግ ነው፣ ውሃ ከቋጠረ አይታረስም።”

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሱ ግን ለራሱ አልቸኮለም፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። የእኛን መሬት አስቀደመ። እነዚያ ሁለት በሬዎች፣ አንዱ ገና ከሞት የተነሣ፣ አንዱ ደሙን የሰጠ፣ ጎን ለጎን እየተነፈሱ የእኛን መሬት ጨረሱት። ዳልቻ ሲደክመው ሸክሙን ወይኖ ይጎትተው ነበር። አይቻለሁ። ይማምም አይቷል።

ተራው የይማም መሬት የሆነ ዕለት፣ ገና የመጀመሪያውን ትልም ሳይጨርሱ ወይኖ በጉልበቱ ወደቀ። ቀንበሩን ፈቱለት፣ ውሃ አቀረቡለት፣ አልነካውም። ከንፈሩን ገለጥኩ። ድዱ እንደ አይብ ነጭ ነበር።

ይማም ጅራፉን ጥሎ ቢየልን ሊያመጣ ወደ መኪና መንገድ ሮጠ። “ቶሎ በለው!” ብሎ ጮኸበት ይግዛው ከኋላው። “ከዳልቻ ይቅዳለት በለው! የሰጠንን እንመልስለት!”

ጋምቤላ ከተማ ደርሶ መመለስ መኪና ከተገኘ የቀን መንገድ ነው። ወይኖ ግን ቀኑን አልሰጠንም። ፀሐይዋ ከአናታችን ስትደርስ አንገቱ መሬት ነካ፣ ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። ይግዛው ቢላዋውን መዘዘ። በእኛ አገር ከብት ሲያጣጥር ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ይታረዳል፣ ሥጋው እንኳ ይተርፋል። ባሌ ተንበርክኮ የወይኖን አንገት ያዘ። ከዚያ እጁ ቆመ።

ገባኝ። በስመ አብ ብሎ ካረደው የይማም ልጆች አይቀምሱትም። እኛ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነን፣ ጎረቤቱም ሁሉ ጾመኛ ነው። የይማምን በሬ ለማንም የማይሆን ሥጋ ሊያደርገው ነው። ካላረደው ደግሞ ጥንብ ሊሆን ነው።

“ከዲጃ፣ ምን ላድርግ?” አላት።

ከዲጃ ሁለት እጇን በራሷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። “የይማም በሬ ነው፤ እኔ ምን እላለሁ?” አለች፣ ድምፅዋ ለእኔ እንኳ በጭንቅ እየተሰማ።

ይግዛው ቢላዋውን ሣር ላይ አኖረና ማዶ ካለው መንደር አንድ ሽማግሌ ሼህ ሊጠራ በረረ። እኔ የወይኖን ራስ በጭኔ ላይ አድርጌ ዝንብ አባረርኩለት። “ትንሽ ቆይ፣ መጡ፣ መጡ” እለዋለሁ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። ወይኖ ግን ቢላዋው አጠገቡ እያለ አራጅ አጣ። ዓይኑ እኔ ላይ እንደሆነ ሞተ።

ሼሁ እያለከለኩ ሲደርሱ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። “አልደረስኩለትም ልጆቼ” አሉ፣ ያጠፉት ነገር ያለ ይመስል።

ይማምና ቢየል በጭነት መኪና ሊመሻሽ ሲል መጡ። ቢየል የወይኖን ዓይን ገለጠ። “ዝንቡ እሱንም ነክሶታል” አለ። “በሽታው ተደብቆ ነበር። ደም ሲወሰድ፣ እርሻ ሲጨመር፣ መንገድ አገኘ። እኔም አላየሁትም።” ይግዛው ከዳልቻ ብትቀዳለት ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ቢየል ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለቱም ይሞቱ ነበር አለ። ከዚያ ይማምን አየው። “በእኛ ዘንድ ለበሬ ማልቀስ ነውር አይደለም” አለው። ይማም ያኔ ነው ትልሙ ላይ የተቀመጠው። እንደ ሰው ለቅሶ አለቀሰ፣ ወይኖዬ፣ ጓዴ እያለ፣ ባሌም አብሮት።

በማግሥቱ ይግዛው ዳልቻን ወስዶ ይማም በር ላይ አሰረው። ሲነጋ ዳልቻ በራችን ላይ ታስሮ አገኘነው። እንደገና ወሰደው። እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ሁለቱ አጥር ላይ ተገናኙ።

“ደም ሰጥቼ በሬ ልቀበል? አላህ አይወደውም” አለ ይማም። “ደሞስ አንድ በሬ ምን ያደርግልኛል? አንተንም ባዶ ማስቀረት ነው።”

“እንግዲያ የታረሰውን እኩል እንዝራ።”

“ያቺ መሬት ለሁለት ቤት ጉሮሮ አትበቃም ይግዛው። አንተም ታውቀዋለህ።”

እውነቱን ነበር። መሬቱ ዝናብ እየጠጣ ጦሙን አደረ። ፋሲካ ሳይደርስ ይማም ወደ ወሎ በሚመለስ መኪና ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ጫነ። ከዲጃን አንገቷን አቅፌ መልቀቅ አቃተኝ። ይማም ከመሳፈሩ በፊት ወደ ዳልቻ ሄደ፣ ደሙ የገባበትን የአንገቱን ቦታ ዳሰሰው፣ መዳፉንም ብዙ አቆየው። “አብሽሩ” አለን፣ እኛን ማጽናናት የእሱ ሥራ ይመስል። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም። ደርሶ ይሆን፣ በልተው ይሆን፣ አላውቅም።

ለፋሲካ ሰዎች ለቅርጫ ፈለጉን። የዳልቻ ጥንድ ሞቷል፣ ብቻውን አያርስ፣ እንረደው አሉ። እኔም አዎ አልኩ፤ ምን ልዋሽ፣ ልጆቼ ሥጋ አምሯቸው ነበር። ይግዛው ቢላዋውን ሳለ፣ ወጣ፣ ዳልቻ ፊት ቆመ። ተመልሶ ቢላዋውን ከጣሪያው ሣር ውስጥ ሻጠው።

“ውስጡ ያለው የይማም ነው” አለ። “ለወይኖ ያልሆነ ቢላዋ ለዚህ አይሆንም። ይማም ሲመጣ እሱ ይረደው።”

አበደ አሉት። እኔም ሰድቤዋለሁ፤ ሰው ሲራብ የማይለው የለም። አልሰማኝም። በዶማ ቆፍሮ አበላን። ዳልቻ ግቢያችን ውስጥ አረጀ። ሌላ በሬ ሊያቀናጁት የሞከሩ ነበሩ፣ አንገቱን ለቀንበር አልሰጥም አለ። ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ ገንዳው ላይ ሌላ ከብት ሳይኖር እንኳ ከቀኝ በኩል ይቆማል፣ ግራውን ትቶ። ይግዛው ያንን ባየ ቁጥር ወደ ቤት ይገባል።

አንድ ክረምት ዳልቻ በተኛበት አልተነሣም። የእኛ ሰው በሬ አይቀብርም፤ ለአሞራ ጎትቶ ይጥላል እንጂ። ይግዛው ግን ዶማውን ይዞ ዳዋ ወደ ዋጠው የይማም መሬት ሄደና ያቺ ያላለቀች ትልም ዳር ላይ ሲቆፍር ዋለ። ምሳ ሳደርስለት ጉድጓዱ ለአንድ በሬ በጣም ሰፊ ነበር። ላጉረመርም አፌን ስከፍት የወይኖን አጥንት ከሣሩ ውስጥ እየለቀመ በነጠላው ሲሰበስብ አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት የት እንደወደቀ ያውቅ ኖሯል።

ምሳውን አስቀምጬ አብሬው ለቀምኩ። ዳልቻን በቀኝ አስተኛነው፣ የወይኖን አጥንት በግራ።