ጠባሳሞቹ

ሠራተኞቹ «ሐኪሟ» ነው የሚሏት። ሕክምና ተምራ እንዳይመስላችሁ፤ በዓሣ እርባታው ማይክሮስኮፕ የምትነካ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። እርባታው የአባቷ ነበር። አባት ሲያርፉ ታላቅ ወንድሟ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፣ እሷ ገንዳ ጠባቂ። መቼስ እሷን ማን ጠይቋት!

ባለፈው ዓመት ነጭ ነጠብጣብ የሚሉት ተውሳክ ሦስተኛውን ገንዳ ፈጀው፤ ሌሎቹ የተረፉት ውሃውን ቶሎ ስለዘጋችው ነው። የዓሣ የመጀመሪያ ጋሻው ገላውን የሚሸፍነው ልጋግ ነው፤ ይሄ ክፉ ተውሳክ ግን ልጋጉን በስቶ ቆዳ ሥር ይገባል። ከአራት ሺህ ዓሣ ስልሳ ተረፉ። ክንፋቸው ተሸራርፏል፣ ገላቸው ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል። እሷ ግን በደስታ አለቀሰች።

«እነዚህን እንዳትነካብኝ ጋሼ» አለችው ወንድሟን። «ሰውነታቸው በሽታውን አውቆታል፤ ተመልሶ ቢመጣ አይበግራቸውም። እናቶቹ ደግሞ መከላከያውን ለእንቁላላቸው ይሰጣሉ። ለዘር እናስቀምጣቸው።»

«ይሄን ቁስላም? ገዢ ቢያየው እኮ እግሬ አውጪኝ ነው የሚለው!»

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም።»

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ያላት መሰላት፣ የዋህ!

ትልልቅ ገዢዎች ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ለገንዳዎቹ ጨው ልትገዛ ወጣች። የቆየችው ግማሽ ቀን ነው። ስትመለስ ሦስተኛው ገንዳ ከሌላ እርባታ በመኪና በመጡ የሚያብለጨልጩ ዓሦች ተሞልቷል። እንግዳ ዓሣ ሦስት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ እንዳይገባ የአባቷ ሕግ ነበር፤ የገንዳዎቹ ውሃ አንድ ነዋ! ስልሳዎቹስ? ለገዢዎቹ ምሳ ተጠብሰዋል።

«አለቃም ሁለት በሉ። እንዴት ይጣፍጡ ነበር መሰለሽ!» አላት ዘበኛው፣ ምንም ሳያውቅ።

ወደ ክፍሏ ሮጠች። የቀራት በክፍሏ፣ በመስታወት ሣጥን ለምርመራ ያኖረችው አንድ ጠባሳም ብቻ ነው።

በአሥረኛው ቀን ነጠብጣቡ በአዲሶቹ ላይ ወጣ፤ ውሃውን ሳትዘጋው ሌሎቹም ገንዳዎች ጋ ደርሷል። ጨው ጨመረች፣ ውሃ ቀየረች፣ ያልሞከረችው የለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዳው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ በተንሳፈፈ ዓሣ ተሸፈነ። የአባቷ የሠላሳ ዓመት ልፋት በአካፋ ተዝቆ ጉድጓድ ገባ።

ወንድሟ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። «ጠንከር አድርገሽ አትነግሪኝም ነበር?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ዓይኑ የመስታወቱ ሣጥን ላይ አረፈ። እዚያም የሚገባው ያው የገንዳው ውሃ ነው። ጠባሳሙ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ይሄ ተርፏል እኮ!» ወደ ሣጥኑ ተጠጋ። «በይ እንዳልሽው ለዘር ይሁን። እንደ አባባ ከዜሮ እንጀምራለን። እባክሽ እህቴ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ለምኗት አያውቅም።

«ወንድ ነው» አለችው። «እናቶቹን በልታችኋቸዋል።»