የማሙሽ ኪስ

እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ኪስ ስትበረብር የኖረች ሴት ናት። ሌባ እንዳትመስላችሁ፤ ላውንደሪ ቤት ነው ያለን። ማንኛውም ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ሁሉ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ስፌቱ በጣት ይዳሰሳል፣ የተገኘው ነገር በላስቲክ ይጠቀለልና መደርደሪያው ላይ ካለው ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። "የአደራ ጠርሙስ" ትለዋለች። የታኘከ ማስቲካ፣ ንፍጥ የደረቀበት መሀረብ፣ አንዴማ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነምግብ ፍርፋሪው አግኝታ፣ ፊቷን እንኳ ሳታጨማድድ አጥባ መልሳለች። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቶሎ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው ሆኜ እዚህ ሥራ ላይ መገኘቴ የእግዜር ቀልድ ነው።

ይቺ እናቴ ታዲያ እጇን የማትሰድበት አንድ ኪስ አለ። የማሙሽ ጃኬት ኪስ።

ማሙሽ ታናሽ ወንድሜ ነው። ጢም አውጥቶም፣ ድምፁ ጎርንኖም፣ በኪኒን ናውዞም ለእናቴ ያው ማሙሽ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ለጨዋታ ብሎ ነበር የጀመረው፤ ቆይቶ ጓደኞቹም ጨዋታውም ቀሩና ኪኒኑ ብቻ ቀረ። አሁን ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋል፤ ለሃጩ በአገጩ ላይ ይዝረበረባል። ሲነቃ አፍንጫውን በእጅጌው ይሞዥቅና "እማ፣ ራበኝ" ይላል። ባለፈው የደንበኛ ብርድ ልብስ፣ ታጥቦ ታጥፎ የተከመረው ላይ ተኝቶ ሸናበት። እናቴ እንደገና አጠበችው። ለደንበኛዋም "ማሽኑ ተበላሽቶብን ነው የዘገየው፣ ይቅርታ የኔ እመቤት" አለቻት። ማሽኑ ደህና ነበር። የተበላሸው ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋ ነበር።

እሱ ብቻ ቢሆን እኮ እችለው ነበር። አንጀቴን የምታቃጥለው እሷ ናት። "እማ፣ ኪሱን እስቲ እይው" ስላት፣ "የወንድ ልጅ ኪስ አይበረበርም" ትለኛለች። የአገሩን ወንድ ኪስ ስትበረብር ውላ! ጃኬቱ በሩ ኋላ ካለ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ስታጥበውም እንዳለ ከነኪሱ ትከተዋለች። ካላየችው የለም፤ አለቀ።

እኔን እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው የልጄ ነገር ነው። ኩኩ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሩቅ አገር ስለሚሠራ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው ሱቁ ውስጥ ነው። አያቷ ሥራ አስተምራታለች፤ የልጆች ልብስ ኪስ የኩኩ ድርሻ ሆኗል። ያቺን ሚጢጢ እጇን ትሰድና አንድ ነገር ካገኘች ኪሱን ወደ ውጭ ገልብጣ "ተገኘ!" ብላ ትጮኻለች፤ አያቷም ለሽልማት ከረሜላ ታጎርሳታለች። ሲያዩዋት ደስ ትላለች። ብቻ እኔ፣ "ወይ ማሙሽ እዚህ አይዋል፣ ወይ ኩኩን የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ ልፈልግ" ባልኳት ቁጥር፣ "ወንድምሽን መንገድ ላይ ልትጥዪብኝ ነው?" ብላ ታለቅስብኛለች። እንባዋም እንደ ቧንቧ ነው፤ ሲያስፈልግ ይከፈታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሆቴል አንሶላ አድርሼ ስመለስ ኩኩ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ቅርጫቱን ተደግፋ ተኝታለች።

"ደክሟት ነው" አለችኝ እናቴ፣ ካውያዋን ሳታቆም።

ሳነሳት አንገቷ ተንጠለጠለ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ ሄደ ስል ይመለሳል፣ ተመለሰ ስል ይቆያል። አፏ ዳር ሮዝ ነገር ደርቋል። ይዣት ልሮጥ ስዞር የማሙሽ ጃኬት ወለሉ ላይ ወድቆ አየሁት፤ ኪሱ፣ ልክ አያቷ እንዳስተማረቻት፣ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

ክሊኒኩ ከመንገዱ ማዶ ነው። እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ሐኪሟ ኩኩን ከእጄ ተቀብላ ኦክስጅን እያደረገችላት፣ "ምንድን ነው የወሰደችው?" አለችኝ።

"ኪኒን ነው። ከወንድሜ ኪስ። ምን እንደሆነ አላውቅም።"

"ኧረ አይደለም ዶክተር!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። እናቴ ናት፤ እያለከለከች ገባች። "የእኔ የደም ግፊት ኪኒን ነው። ከቦርሳዬ አውጥታ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ውቀሱኝ!"

ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። "እማማ፣ የሁለቱ ሕክምና አንድ አይደለም። አሳስቼ ብሰጣት ልጎዳት እችላለሁ። እባክዎን እውነቱን ይንገሩኝ።"

"በልጆቼ እምላለሁ" አለች እናቴ።

በልጆቼ! ከልጆቿ አንዷ አጠገቧ ቆሜያለሁ እኮ። ያን ቃል ስሰማ እንዳቅለሸለሸኝ በሰው ሠራሹ ጥርስ ቀን እንኳ አላቅለሸለሸኝም።

"ሩጪና የኪኒኑን ማሸጊያ ፈልገሽ አምጪልኝ" አለችኝ ሐኪሟ።

ሮጥኩ። ሱቁ ስገባ ጃኬቱ ወለሉ ላይ የለም። ማሽኑ ይሽከረከራል። እናቴ ለምን ከኋላዬ እንደዘገየች ያኔ ገባኝ፤ የልጅ ልጇ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እሷ ጃኬት ማሽን ውስጥ ትከት ነበር። ማሙሽ ማሽኑ ፊት ተንበርክኮ ሁለት እጁን መስታወቱ ላይ ለጥፏል።

"ማሙሽ! ኩኩ የዋጠችው ኪኒን ምን ይባላል?"

"ስንት ወሰደች?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለአንድ አፍታ አሳዘነኝ፤ ለልጅቷ የተጨነቀ መስሎኝ። "ሙሉ ነበር እኮ" አለ ቀጥሎ። "እማ ደግሞ ሳታወጣ ከተተችው። ሁሉም ሟሟ!"

"ስሙን ንገረኝ! ልጄ ልትሞት ነው!"

"እኔ ምን አውቄ... ፖሊስ ቢመጣስ?" ብሎ ንፍጡን በእጅጌው ጠረገው።

በዚህ ሥራ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከኪስ ያልወጣ ነገር ማሽኑ ውስጥ ይወጣና ዞሮ ዞሮ በሩ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ማሽኑ አዟዟሩን ለመቀየር ቆም ሲል፣ በአረፋው መሃል የኪኒኑ ማሸጊያ መጥቶ ከማሙሽ መዳፍ ትይዩ ተለጠፈ። ፊደሉ ይነበባል። ማሙሽን በጉልበቴ ገፍትሬ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

"ማሽኑን አጥፊልኝ እህቴ፣ የተረፈ ይኖራል" አለኝ፣ እግሬን ይዞ። እጁን አየሁት። ልጅ ሆኖ መንገድ ሳሻግረው የምይዘው እጅ ነው። መንጭቄው ወጣሁ።

ሐኪሟ ፎቶውን አየችና የኪኒኑን ማርከሻ መርፌ አዘዘች። ጥቂት ቆይቶ ኩኩ አሳላት፣ ከዚያ አስመለሳት፣ ከዚያ በኃይል አለቀሰች። እናቴ ወለሉ ላይ ተደፍታ የኩኩን እግር ልትስም ስትል እጇን መታሁት።

"በውሸትሽ ልጄ ብትሞትስ ኖሮ?"

"አልሞተችም እኮ" አለችኝ። "እሱ ግን ቢታሰር ይሞትብኛል።"

ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ አንዱን ልብስ ቀድሞ ማጠብ እንደሚሻል የምታስረዳኝ ነበር የምትመስለው። ኩኩን አቅፌ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ኩኩ ከክሊኒክ ከወጣች በኋላ፣ ያን ቀን እዚያ የቀረውን ጫማዋን ልወስድ ወደ ሱቁ ሄድኩ። እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። "ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብላ የማሙሽን ጃኬት ከመስቀያው አወረደች። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ኪሶቹ በሙሉ፣ የውስጡም የውጩም፣ በዚያ በማይታይ ቀጭን ስፌቷ ተሰፍተው ተዘግተዋል።

"ከእንግዲህ ምንም አይገባበትም" አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ነገር። "በይ ኩኩን መልሺልኝ። ናፍቃኛለች።"

ማሙሽ አግዳሚው ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አንዱ እግሩ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፤ የእግር ሹራቡ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አብጦ፣ ሲተነፍስ የኪኒን ማሸጊያ ጠርዝ ብልጭ ይላል። እናቴን አየኋት። እሷም አየችው። አይታው አንድ የደንበኛ ንጹሕ ብርድ ልብስ ከክምሩ አነሳችና እግሩን ሸፈነችለት።

የኩኩን ጫማ ይዤ ወጣሁ።